ሆዳቸው የተለጠፈ ሁለት የእሳት እራቶች

በየማለዳው፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥና ነጭ ጋዋኗን ሳትለብስ፣ አሥራ ሰባተኛውን መሳቢያ አንዲት ጣት ያህል ትከፍተዋለች። ሙሉ በሙሉ አትከፍተውም። ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በስንጥቁ ታያለች። ከዚያ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ መልሳ ትገፋዋለች። ሦስት አራት ሰከንድ ቢፈጅባት ነው። ጋዋኗን ትለብሳለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ቀኑ ይጀምራል።

ለምን እንደምታደርገው የጠየቃት የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሲደጋገም ያዩት ነገር ስለሆነ እያንዳንዱ የራሱን መልስ ይዞ ተቀምጧል። አንዳንዱ ጉንዳን ገብቶ እንደሆነ የምታይ ይመስለዋል። ጽዳት የምትሠራው ሴት ጸሎት ይመስላታል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት መጥረጊያዋን አታንኳኳም። ከጎኗ የሚሠራው፣ ነፍሳትን በአጉሊ መነጽር እያየ በእርሳስ የሚስለው ሽማግሌ ደግሞ የናፍታሊን ሽታ ሱስ ሆኖባት ነው ብሎ አምኗል።

በዕፅዋት ጤና ቤተ ሙከራው ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም። ከጋዋኗ ኮሌታ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ስፒሎች ስለማይጠፉ እትዬ መርፌ ነው የሚሏት። ሠዓሊውን ደግሞ ጋሼ እርሳስ ይሉታል። ሁለቱ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው አርጅተዋል። ከኋላቸው አርባ መሳቢያ ያለው የእንጨት ቁም ሣጥን ቆሟል፤ በየመሳቢያው ክንፋቸው ተዘርግቶ በስፒል የተተከሉ፣ ከሥራቸው የጥፍር ቁራጭ የምታህል ወረቀት ያለቻቸው የእሳት እራቶች ተሰልፈዋል።

ሥራዋ መለየት ነው። ከወደብ፣ ከእርሻ፣ ከመጋዘን በብልቃጥ የሚላክላትን ትቀበላለች፤ የትኛዋ እንደሆነች ትናገራለች። ለብዙ ሰው የእሳት እራት የእሳት እራት ናት፤ አምፖል ላይ ትርመሰመሳለች፣ በእጅ ትባረራለች፣ ትረሳለች። ለእሷ ግን የአንዷ ክንፍ ጠርዝ ከሌላዋ በፀጉር ስፋት ሲለይ፣ ያቺ የፀጉር ስፋት አንድ መርከብ ሙሉ እህል ታስመልሳለች። ይህን ታውቃለች። ስለዚህም ማታ ቤቷ አምፖሏ ዙሪያ አንዲት ስትዞር ካየች መብራቱን አጥፍታ ትቀመጣለች። ሲፈርዱ መዋል ይበቃል፤ ቤትም ገብቶ መፍረድ ይከብዳል።

ከሁሉም የምትፈራቸው በአሥራ ሰባተኛው መሳቢያ ያሉትን ሁለት እህትማማቾች ነው። አንደኛዋን ቦርቧሪ ይሏታል። ትሏ ብርቱካን ውስጥ ገብታ ከውስጥ ትቦረቡረዋለች፤ ፍሬው ከውጭ ደህና መስሎ ይቆይና በአንድ ሌሊት እንደ ሽንት ቤት ወለል ይረጥባል። አንድ ሸለቆ ከገባች ዛፍ ቆርጦ ከማቃጠል ሌላ መድኃኒት አልተገኘላትም። ሁለተኛዋ ጭምት ናት። ጫካ ውስጥ ከሚበቅል አንድ ዛፍ ዘር ሌላ አትቀምስም፤ ብርቱካን ላይ ብታርፍም ለማረፍ ያህል ነው። ሁለቱም የትንሽ ጣት ጥፍር ያክላሉ፣ ሁለቱም የደረቀ ቅጠል ይመስላሉ፣ ሁለቱም ከፊት ክንፋቸው መሀል በስፒል ጫፍ የተነካች የምትመስል ነጭ ነጥብ አለቻቸው።

ልዩነታቸው ከኋላ ክንፍ ነው፤ እሱም ወንዱ ላይ ብቻ። የቦርቧሪ ወንድ የኋላ ክንፉ ታችኛው ጥግ ላይ እንደ ኪስ የታጠፈች ትንሽ ከረጢት አለችው። የጭምት ወንድ የለውም። ክንፉ ደህና ከሆነ ሥራው ያልቃል። ክንፉ ከተበላሸ ግን ሆዱን ከፍቶ፣ ውስጡን ሥጋ በሚያሟሟ ፖታሽ ቀቅሎ አጽድቶ፣ ጫፉ ላይ ያሉትን ጠንካራ የመራቢያ ክፍሎች ማየት ነው። የአንዷ ዝርያ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፣ የሌላዋ እንደ ማንኪያ የተዘረጋ። ማጭዱ የማን፣ ማንኪያው የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ማንነቱ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። መጻሕፍት ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደብዝዞ፣ ጋሼ እርሳስ እንደሚለው፣ ከፈለጉ ሁለቱንም ካልፈለጉ ማንንም አይመስልም።

የተረጋገጡት ናሙናዎች አሥራ ሰባተኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ሁለት ወንዶች፣ ጎን ለጎን፤ እሷ ከመቀጠሯ አስቀድሞ በአንድ የውጭ ሊቅ እጅ የተለዩ። በግራ ቦርቧሪ፣ በቀኝ ጭምት።

እነዚህን ሁለቱን ነው በየማለዳው የምታያቸው። ሆዳቸው እንዳለ ለማየት።

የተቀጠረች በሁለተኛው ወር፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ መሳቢያውን ለብርሃን ብላ ወደ መስኮቱ ስትወስደው ዳሌዋ ከጠረጴዛው ማዕዘን ጋር ተጋጨ። መሳቢያው አልወደቀም። ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ስታየው የሁለቱም ወንዶች ሆድ ተቀንጥሶ፣ መሳቢያው ጥግ ላይ እንደ ሁለት የሣር ፍሬ ጎን ለጎን ተቀምጧል። የደረቀ የእሳት እራት ሆድ በትንፋሽም ይቀነጠሳል፤ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ለዚህም ደንብ አለ፦ በሙጫ መልሰሽ ትለጥፊያለሽ፣ ከዚያ በትንሽ ወረቀት «ሆዱ ተለጥፏል» ብለሽ፣ ቀኑንና ስምሽን ጽፈሽ፣ ከስፒሉ ሥር ትተክያለሽ።

የትኛው ሆድ የማን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ሁለቱም አንድ ቀለም፣ አንድ ልክ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ የያኔው አለቃ ጫማ ይሰማል። ያ ሰው መሳቢያ በክርኑ የዘጋ ሠራተኛ ያባረረ ሰው ነው። በግራ ያለውን ሆድ ለግራው፣ በቀኝ ያለውን ለቀኙ ለጠፈች። በግምት። ወረቀቷን ቆርጣ፣ ብዕሯን አንስታ ሳለ በሩ ተከፈተ፤ ወረቀቷን እጇ ውስጥ ጨበጠቻት። ነገ እጽፈዋለሁ አለች።

ያቺ ነገ ሃያ ስምንት ዓመት ሞላት።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የሁለቱን ሆድ የሚፈልግ አልመጣም። ክንፍ ይበቃ ነበር፤ በክንፍ የተለየውም በደንቡ ይቃጠላል እንጂ መሳቢያ አይገባም። ክንፍ ያልበቃ ቀን ናሙናው ወደ ውጭ ይላካል፣ መልሱ በሦስት በአራት ወር ይመጣል። እሷ ግን አውቶቡስ ውስጥ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ሰው ሲያጫውታት እየሳቀች፣ ድንገት ሆዷ ውስጥ እንደ በረዶ ውሃ ይፈስባታል፤ የሆነ ቀን አንድ ሰው ያንን መሳቢያ ይከፍትና ሙጫውን ያያል። ባሏ በሕይወት ሳለ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «ብርድ ነው» ትለው ነበር። ብርዳም ናት ብሎ አምኖ አለፈ።

የፈራችው በራሷ አገር ሰዎች ወጥመድ መጣ።

ወንድሟና ጎረቤቶቹ ብርቱካን የሚያለሙበት ሸለቆ ውስጥ፣ ተቆጣጣሪዎች በየዓመቱ እንደሚያደርጉት፣ የሴቷን ሽታ የሚያስመስል ማባበያ ያለበት የሙጫ ወጥመድ ሰቅለው ነበር። ወንዶች ብቻ ናቸው ለዚያ ሽታ የሚመጡት። ሰባት ወንዶች ተጣብቀው ተገኙ። ክንፋቸው በሙጫ ተለውሶ፣ ብናኙ ተገፎ፣ እግራቸው ተቆራርጦ፣ ቦርቧሪም ጭምትም ሊሆኑ ይችላሉ። ማባበያው ሁለቱንም ያታልላል።

አዲሱ ደንብ ደግሞ አይጠብቅም። በሰባት ቀን ውስጥ «አይደለችም» ብሎ የሚፈርም ካልተገኘ፣ እንደሆነች ተቆጥሮ ሸለቆው ይቆረጣል።

በአምስተኛው ቀን የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም፤ ሲናገር ሁልጊዜ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው።

«የሰባቱን ሆድ ከፈትሽ?»

«ከፈትኩ። ሰባቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ማጭድ ናቸው።»

«እና ማጭዱ የማን ነው?»

«አላውቅም።»

«አሥራ ሰባት ቁጥር ውስጥ የተረጋገጡ ሁለት ወንዶች አሉን አይደል? የእነሱን ክፈቺና አስተያዪው።»

«አንዴ ከተከፈቱ... አይመለሱም እኮ። ያሉን እነሱ ብቻ ናቸው።»

«ለዚህ ቀን ካልሆኑ ለመቼ ሊሆኑ ነው? ነገ ጠዋት ይሁን።» ሰዓቱን አየና ሄደ።

ጋሼ እርሳስ ከጠረጴዛው ማዶ ቀና ብሎ «ምን ሆነሽ ነው እንደ ወረቀት የነጣሽው? ለሞተ የእሳት እራት እንዲህ ካዘንሽ እኔ የሞትኩ ቀን ምን ልትሆኚ ነው?» አላት።

«አንተማ አትሞትም፣ እርሳስህ ሳያልቅ።»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ግዢ ክፍል ዘንድሮም አርባ ደርዘን አመጣ።»

ሳቀች። ሳቋ ግን አፏ ላይ ቀረ።

ቤቷ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኩ ጮኸ። ታላቅ ወንድሟ ነው።

«ሄሎ፣ ዶክተር!»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ወንድም ጋሼ።»

«የዝንብም ቢሆን ዶክተር ዶክተር ነው።»

«ዝንብ አይደለም የምሠራው።»

«እሺ፣ የቢራቢሮ። ስሚ፣ ባለ መጋዞቹ መጥተዋል። ሸለቆው አፍ ላይ ድንኳን ተክለዋል። ውሃ አጥተው እኔ ጋ መጡ፤ ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ፣ ሰው ናቸው። አንዱ ልጅ በቀይ ቀለም ዛፉን እየዞረ ይቀባል። የአባባን ዛፍ ሁለቴ ነው የቀባው፤ ወፍራም ሆኖበት ነው መሰለኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ሰዉ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። ምን አልኳቸው መሰለሽ? እህቴ ናት ካለች ናት፣ አይደለችም ካለች አይደለችም፣ እህቴ አትሳሳትም አልኳቸው። ተረጋግተው ሄዱ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀመጠች። ሁለቱን መንገድ ደጋግማ ሄደችባቸው። ያኔ የለጠፈችው በትክክል ከሆነ፣ ነገ የምታየው እውነት ነው። ገልብጣ ከሆነ፣ ነገ የምታየው የእውነት ግልባጭ ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም፤ እሷም ጭምር። ማጭዱ ጭምት ከሚለው ወረቀት ሥር ቢገኝና «አይደለችም» ብላ ብትፈርም፣ ቦርቧሪ ከአንድ ሸለቆ ወደ ሌላው እየተሻገረች አገር ታዳርሳለች። ቦርቧሪ ከሚለው ሥር ቢገኝና ብትፈርም፣ አባቷ የተከለው ዛፍ በሥራዋ ስህተት ይወድቃል። ፈርታ የምታውቅ ሴት ናት፤ እንዲህ ከሁለት ወገን ፈርታ ግን አታውቅም።

በስድስተኛው ቀን መሳቢያውን እንደ ልማዷ አንዲት ጣት ያህል ከፈተችው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ከፈተችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱን ሆዶች በወረንጦ ነቀለች። በግራ የነበረውን በአንድ ብልቃጥ፣ በቀኝ የነበረውን በሌላ ብልቃጥ፣ በፖታሽ ውስጥ ነክራ፣ ብልቃጦቹን ምድጃው ላይ በሚፈላው ውሃ ውስጥ አቆመቻቸው። ደንቡ አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ ከበለጠ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ሙጭጭ ብሎ ይሟሟል፣ የሚታይ ነገር አይቀርም። ከዚያ አወጣቻቸው፣ አጠበቻቸው፣ መስታወት ላይ ዘረጋቻቸው። ወደ አጉሊ መነጽሩ ስታጎነብስ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ከሩብ ይል ነበር።

ቦርቧሪ የሚል ወረቀት ከነበረው ሆድ ውስጥ ማጭድ ወጣ። ጭምት ከሚለው ማንኪያ።

በወረቀቱ ከተሄደ ሸለቆው ውስጥ ያለችው ቦርቧሪ ናት።

የሪፖርቱን ቅጽ ሳበች። ቀኑን ጻፈች። የናሙናውን ቁጥር ጻፈች። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ ልብ ብላ አንብባት የማታውቃት አንዲት መስመር አለች፦ «ለማስተያያ የቀረበው ናሙና እንከን የሌለበት መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ብዕሯ እዚያ ላይ ቆመ። ሃያ ስምንት ዓመት ዝም ብላለች እንጂ አንድ ቀን በጽሑፍ ዋሽታ አታውቅም። ዝም ማለትና መፈረም ለእሷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ነበር ያን ሁሉ ዘመን የኖረችው። አሁን ያቺ ቦታ አለቀች።

ተነሥታ ኮሪደሩን ሄደች።

ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ «በሦስት ሰዓት እጀምራለሁ ብለሽ አምስት ሊሆን ነው» አለ።

«የማስተያያው ናሙና አይታመንም።»

«እንዴት ነው የማይታመነው?»

ነገረችው። ዳሌዋን፣ ጥጉን፣ ሁለቱን ሆዶች፣ ጫማውን፣ ወረቀቷን። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው እግር ላይ ሳታነሳ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን አላየም።

«ወንድምሽ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ዛፍ አለው አይደል?» አለ።

«አለው።»

«ስንት?»

«አርባ ሁለት።»

«እና ይሄ ነገር አሁን ነው ትዝ ያለሽ?»

«ትዝ ያላለኝ ቀን የለም።»

ይህንን ፈርታ ነበር የመጣችው። እውነቷ ከውሸት በላይ ውሸት ትመስል ነበር። ማንም ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ይቺ ሴት የወንድሟን ዛፍ ልታድን የፈጠረችው ነው ይል ነበር። ፊቱ ላይ አየችው፤ ሲያስበው፣ ሲያፍርበት፣ መልሶ ሲያስበው።

«ሆዶቹን ያየ ሌላ ሰው አለ?»

«ገና።»

ጋሼ እርሳስ ተጠራ። ነገሩ ተደግሞ ተነገረው። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አላቆመም። ከቢሮው በር በላይ የእነዚያ የሁለቱ ወንዶች ሥዕል ተሰቅሏል። የሳለው እሱ ነው፤ ሆዳቸውን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ፣ ቀለበቱን ቆጥሮ።

«ስለዚህ የአንዱን ሆድ ለሌላው ስዬ ሊሆን ይችላል» አለ።

«ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ።»

«ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ናፍታሊን ታሸታለች ብዬ...» አልጨረሰውም። ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ ፊቱ አልወሰነም። «እኔ እኮ ጎንሽ ነበርኩ።»

ይቺ ቃል ከኃላፊው ጥያቄ ሁሉ በላይ ወጋቻት።

ወደ አጉሊ መነጽሩ ሄደው ሽማግሌው አጎነበሰ። «ማጭድ፣ ማንኪያ» አለ። «ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ግን ምነው እንዲህ ገረጡ? አስበለጥሽው እኮ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ባዶ መስታወት ነበር የምናየው።»

«ረሳሁት» አለች።

«አንቺ?» ብሎ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ተወው።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እስከ ነገ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ደንቡ ይሠራል። በእሷ ቃል ብቻ አልፈርምም፤ ሁለታችሁም አይታችሁ፣ ሁለታችሁም ለየብቻ ጽፋችሁ፣ የምትሉት አንድ ከሆነ ነው።»

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ማንም የማይሞክረው መንገድ። ሰባቱም ሆዳቸው ማጭድ ስለሆነ ሰባቱም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ስለዚህ ከሰባቱ የአንዱ የኋላ ክንፍ ሳይቀደድ ከሙጫው ቢላቀቅ፣ ብናኙ ቢገፈፍም እንኳ፣ የከረጢቷ እጥፋት ትታያለች ወይም አትታይም። ክንፉ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። በቤንዚን ሲረጥብ እንደ ሶፍት ይቀደዳል።

ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በሃያ ምናምን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጫፍ። እሷ ወረንጦና ባለ ሦስት ፀጉር ብሩሽ ያዘች፤ እሱ መብራቱን ያቀናል፣ ቤንዚኑን ያንጠባጥባል። ትንፋሻቸውን ወደ ጎን ነበር የሚተነፍሱት። የመጀመሪያው ክንፍ ልክ ጥጉ ላይ ተቀደደ። ሁለተኛው ተጠቀለለና አልዘረጋ አለ። ሦስተኛውን እሷ ሳትነካው ብሩሹ ይዞት ወጣ።

«በዚህ አያያዝ ከቀጠልን...» አለ ጋሼ እርሳስ።

«አትናገር።»

«ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ተቀይሜ ነው።»

«ተቀየም። መብራቱን ብቻ አታንቀሳቅስ።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አምስቱ ጠፉ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ስድስተኛው ሊወጣ ሲል ስልኳ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ነዘረ፤ እጇ አንዲት ነጥብ ተንቀሳቀሰች፤ ክንፉ ሁለት ሆነ። ስልኩን አውጥታ አላየችውም። ማን እንደሆነ ታውቃለች። ጆሮዋ ውስጥ የሞተር መጋዝ ይጮህ ነበር፤ ቤተ ሙከራው ሸለቆው ካለበት የአንድ ቀን መንገድ ቢርቅም ይሰማት ነበር።

ሰባተኛውን ልትጀምር ብሩሹን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ አንተ ያዘው። የእኔ እጅ የዛፍ እጅ ሆኗል፤ አልታዘዝ አለኝ።»

«እኔ ሠዓሊ ነኝ፣ ክንፍ አውጥቼ አላውቅም።»

«አንተ ፀጉር የምታህል መስመር ሳትንቀጠቀጥ ትስላለህ። ሳለው በቃ። እየሳልከው ነው ብለህ አስብ።»

አየት አደረጋት። ብሩሹን እንደ እርሳስ ያዘው። እሷ ቤንዚኑን አንጠባጠበች። ከክንፉ ሥር ገባ፣ ጠርዙን ተከተለ፣ ሄደ፣ ቆመ፣ ሄደ፤ ልክ መስመር እየሳለ እንደሆነ። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ክንፉ ከሙጫው ተነሥቶ መስታወቱ ላይ ተዘረጋ። ሙሉ ነበር። ከላይ በኩል ብቻ አንዲት ቅዳጅ ነበረችው፤ ከማዕዘኑ የራቀች።

ተራ በተራ አዩ፣ እንደታዘዙት ሳይነጋገሩ። እሷ ጽፋ ወረቀቷን አጠፈች። እሱ ጽፎ አጠፈ። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀት ፈታ።

«ከረጢት የለም» ይላል አንዱ። ሌላው «የለም። ለስላሳ ነው። እጥፋትም ጠባሳም የለም» ብሎ፣ ሠዓሊ ነውና፣ ከጎኑ ክንፏን ሥሏታል።

ጭምት ነበረች። ማጭዱ የጭምት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሆዶቹ ተገልብጠው ኖረዋል።

ኃላፊው ፈረመ፤ ስልክ ደወለ። ስድስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ሸለቆው አፍ ላይ መጋዝ ተነሥቶ እንደሁ ወይም እንዳልተነሣ እስኪነገራቸው ድረስ ሦስቱም የስልኩን ገመድ ሲያዩ ቆሙ። አልተነሣም ነበር። ባለ መጋዞቹ ድንኳን ውስጥ ሆነው ስድስት ሰዓትን እየጠበቁ፣ የወንድሟን ውሃ ይጠጡ ነበር።

በዚያው ከሰዓት ሁለት ትንንሽ ወረቀቶች ቆረጠች። «ሆዱ ተለጥፏል፤ ተገልብጦ» ብላ ጻፈች። ቀን ጻፈች፤ ያኔውን። ስሟን ጻፈች። ከስፒሎቹ ሥር ተከለቻቸው። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፣ የቁም ሣጥኑም ቁልፍ ተወሰደባት። ጡረታ እስክትወጣ ጥቂት ዓመት ቀርቷታል፤ እስከዚያ መሳቢያ ስትፈልግ ጋሼ እርሳስን ታስከፍታለች። እሱም እያንዳንዱን ሲከፍትላት «ሆዳቸው አለ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ» ይላታል። ሁለት ወር ያህል ተቀይሞ ከርሞ ነው ይቺን ቀልድ የጀመራት። ከበሩ በላይ ያለውን ሥዕል አውርዶ ሆዶቹን በላጲስ አጥፍቶ ለዋወጣቸው፤ የላጲሱ ጥላ ዛሬም ይታያል።

ወንድሟ በነጋታው ደውሎ «አላልኳችሁም! እህቴ አትሳሳትም አላልኳችሁም!» ብሎ በሸለቆው ሰው ሁሉ ፊት ጮኸላት። አላረመችውም።

በየማለዳው ዛሬም ከቁም ሣጥኑ ፊት ትቆማለች። ቁልፍ ስለሌላት መዳፏን አሥራ ሰባተኛው ላይ ታሳርፋለች፤ ሦስት አራት ሰከንድ። ፍርሃቱ አልወጣላትም። ለምን እንዳልወጣላት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ታሪኳ እንዲጻፍ ስትፈቅድ ሙጫውም፣ ደብዳቤውም፣ የወንድሟ ነገርም ይነገር ብላ፣ አንዲት ነገር ብቻ እንድትቀር ለምና ነበር። በኋላ ረቂቁን ስታነብ፣ በሦስት ሰዓትና በአራት ከሩብ መካከል ጣቷን አሳርፋ ብዙ ቆየች። «እዚህ ጋ ጎድሏል» አለች፤ ከዚያ ሌላ አልተናገረችም።

የጎደለው ይህ ነው። ሁለቱ ብልቃጦች የፈላው ውሃ ውስጥ ሳሉ አሥሩ ደቂቃ አለቀ። እጇ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ አልተጫነችውም። ሆዶቹ ቢሟሟ ሙጫውም አብሮ ይሟሟል፤ ማንም ምንም አያውቅም፤ «ረሳሁት» ትላለች፣ ቀላል ቁጣ ትቀበላለች። ማስተያያ ስለሌለ ደንቡ ይሠራል፣ ሸለቆው ይቆረጣል። ይህንን ሁሉ እያወቀች ቆመች። አሥራ አምስት ደቂቃ። ሃያ አምስት። የወንድሟን ዛፎች በልቧ ከበር እስከ ወንዙ አንድ በአንድ አለፈቻቸው፤ አባቷ የተከለው ጋ ደረሰች፤ እሱንም አለፈችው። ውሃው ይንፈቀፈቃል። አርባ ደቂቃ ሲሆን በሩ ተከፈተ፤ ጽዳት የምትሠራው ሴት መጥረጊያዋን ይዛ፣ «እትዬ፣ ጸሎትሽን ጨረስሽ? ልጥረግ?» አለቻት። ደንግጣ፣ የሰው ቤት ሲፈትሽ እንደተያዘ ሰው፣ ማጥፊያውን ተጫነችው።

ያቺ ሴት ባትመጣ ኖሮ አትጫነውም ነበር።